ውሻዎ ዕቃ ቢውጥ፦ እጅዎን ከመስደድዎ በፊት

ከሚሴ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የደዋ ጨፋ ቀበሌዎች ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። ማታ በር ላይ ያድራል። ቀን ከብት ይከተላል፤ እህል ሲደርስ ማሳ ይጠብቃል። ምግብ በሰዓቱ የሚቀርብለት ስላልሆነ ያገኘውን ሁሉ ይሞክራል። ሥጋ የተያዘበት ፌስታል፣ ቅቤ የነካው ጨርቅ፣ የተጋጠ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የማንጎ ፍሬ፣ የልጅ ካልሲ፣ ዳይፐር፣ ክር የገባበት መርፌ፣ የሰዓት ባትሪ፤ ሁሉም ሆዱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

አብሽሩ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ በሰላም ያልፋል። አንዳንዴ ግን ውሻውን በጥቂት ቀናት ይገድለዋል። ምን እንደዋጠ፣ መቼ እንደዋጠና አሁን የት እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል። የሕክምናውን ወጪ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉትም እነዚሁ ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በአንድ መርፌ ሊያልቅ የሚችለው ነገር፣ በ3ኛው ቀን ሆድ መክፈት ሊጠይቅ ይችላል።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ባለቤቱ እጅ እንነጋገር።

ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ይመስላል፤ እጄን ሰድጄ ላውጣለት?

ቆይ፣ አይቸኩሉ። ውሻ አፉን ከፍቶ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ መዋጥ አቅቶት ሲታይ ሰው ሁሉ የሚያስበው አጥንት እንደተሰነቀረበት ነው። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ይመስላል። በሽታው የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻዎችን ሽባ ያደርጋል። መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፤ ጩኸቱ ይሻክራል። ቫይረሱ ደግሞ ያለው በዚያው በምራቁ ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በበሽታው የተያዘ ውሻ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ጨርቅ እየነከሰ ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ «ዕቃ ዋጠ» የሚለው ወሬ ራሱ የበሽታው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን እንዴት ይለያሉ? የተሰነቀረበት ውሻ ነገሩ የሚጀምረው በድንገት ነው፤ ሲያኝክ ወይም ሲበላ የታየ ነው። በፊት እግሩ አፉን ይቧጥጣል፤ ራሱን ያራግፋል። ከደቂቃዎች በፊት ጤነኛ ነበር። የታመመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ባሉት ቀናት ባሕርዩ ተለውጧል። ጨለማ ቦታ ይደበቃል፤ ያለ ምክንያት ይናከሳል፤ ወይም ያለ ልማዱ ሰው ላይ ይለጠፋል፤ ከቤት ጠፍቶ ይከርማል።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ግልጽ አይሆንም። ስለዚህ ውሻው ካልተከተበ ወይም ነገሩ ሲጀምር ያየ ሰው ከሌለ፣ እጅዎን ወደ አፉ አይስደዱ። ግቢ ውስጥ ወይም በረት ውስጥ ለብቻው ይዝጉት፤ ልጆችን ያርቁ፤ ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ አብዛኛው ከውሻ የሚተላለፍ ነው። ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

ቀደም ብዬ እጄን ከትቼ ከነበረስ? የተነከሰ፣ የተቧጠጠ ወይም ቁስል ላይ ምራቅ የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። ክትባቱን ሐኪሙ ይወስናል። «ውሻው እስኪታይ ልጠብቅ» ማለት አያዋጣም፤ ሕመሙ የተጠረጠረ ውሻ ለ10 ቀን እየታየ የሰውየው ክትባት ጎን ለጎን ይጀመራል። የባህል መድኃኒት ይህን ክትባት አይተካም።

በሸሪዓው ደንብ የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ 7 ጊዜ ማጠብን፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን በአፈር ማድረግን የሚያውቁ አንባቢዎቼ ብዙ ናቸው። ያ ለዕቃው ነው። የተከፈተ ቁስል ላይ ግን አፈር አይደረግ፤ ቴታነስ ያመጣል። ለቁስል ሳሙናና ውኃ ብቻ።

መተንፈስ አቅቶት ከሆነስ?

ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ድዱና ምላሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ድምፅ አይወጣውም፤ ይንገዳገዳል። የታነቀው አሁን ዓይንዎ እያየ ከሆነና የተከተበ ከሆነ፣ አንድ ሰው ከኋላ አጥብቆ ይያዘው፣ ሌላው መንጋጋውን ይክፈት። ዕቃው በግልጽ ከታየ በጣት ሳይሆን በፒንሳ ወይም በረጅም ወረንጦ ይያዙት። ካልታየ አይፈልጉ፤ ወደ ውስጥ ይገፉታል።

ትንሽ ውሻ ከሆነ የኋላ እግሮቹን ይዘው ጭንቅላቱን ወደ ታች ያድርጉና በትከሻዎቹ መካከል ጀርባውን መታ መታ ያድርጉ። ትልቅ ከሆነ ከኋላው ይቁሙ። ሁለት እጅዎን ከጎድን አጥንቶቹ በታች፣ ሆዱ ላይ ያያይዙና ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ በኃይል ይጫኑ። ከዚያ አፉን እንደገና ይዩ። ዕቃው ወጥቶ ውሻው ቢድንም ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ ጉሮሮው ሊቆስል ይችላል።

እየተነፈሰ ከሆነ ግን ዕቃው የአየር ቧንቧውን አልዘጋም። ጊዜ አለዎት።

የዋጠው ነገር ወዴት ይሄዳል?

መንገዱን ካወቁ የሐኪሙን ውሳኔ መረዳት ይቀልዎታል። መጀመሪያ የምግብ ቧንቧ አለ፤ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርደው ማለት ነው። ይህ ቧንቧ በ3 ቦታ ይጠብባል፦ ደረት መግቢያ ላይ፣ ልብ አጠገብና ጨጓራ ከመድረሱ በፊት። ዕቃ ሲሰነቀር ብዙውን ጊዜ ከነዚህ በአንዱ ነው። ምልክቱ ውሻው የበላውን ወዲያው፣ ሳይፈጭ መመለሱና ደጋግሞ ለመዋጥ መሞከሩ ነው። እዚህ የቀረ ነገር በአስቸኳይ መውጣት አለበት፤ ግድግዳው ስስ ነው።

ቀጥሎ ጨጓራ ነው። ሰፊ ስለሆነ ዕቃው እዚያ ለሰዓታት ወይም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቀመጥ ይችላል። ሐኪም በማስመለስ ሊያወጣው የሚችለው እዚህ እያለ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀጭኑ አንጀት ይመጣል። ጠባቡና አስቸጋሪው ክፍል እሱ ነው። ዕቃው እዚህ ሲወተፍ ከላይ የሚመጣው ፈሳሽ ማለፊያ ያጣል። ውሻው ደጋግሞ ያስመልሳል፤ የሰውነቱ ውኃ ያልቃል። አንጀቱ ይነፋል፤ የተጫነበት ቦታ ደም አይደርሰውም፤ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ይበሳል። ከተበሳ በኋላ ቆሻሻው ሆድ ዕቃው ውስጥ ይፈሳል። ያኔ ቀዶ ጥገና ቢደረግም የመዳን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።

ወደ ትልቁ አንጀት የደረሰ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። ያለ ችግር የሚያልፍ ዕቃ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ከዓይነ ምድር ጋር ይታያል።

ሁሉም ዕቃ እኩል አያሰጋም

የሰዓት ባትሪ፣ ያቺ ሳንቲም የምትመስለው፣ አንድ ደቂቃም አትጠበቅም። ምግብ ቧንቧ ላይ ከተጣበቀች በኤሌክትሪኳ ሥጋውን ማቃጠል ትጀምራለች፤ ለከባድ ቁስል ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃታል። የራዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ደግሞ ውሻው ካኘከው ውስጡ ያለው ኬሚካል አፉንና ሆዱን ይልጠዋል። ከሁለቱ ማንኛውንም ቢውጥ አያስመልሱት። ወዲያው ወደ ሐኪም።

ክርና ሲባጎ ብዙ ሰው ይንቃቸዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አብዝቼ የምፈራው እነሱን ነው። የስፌት ክር፣ የማዳበሪያ ጆንያ ክር፣ ሥጋ የታሰረበት ሲባጎ፣ የተቀደደ የፕላስቲክ ከረጢት ፈትል ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው። አንዱ ጫፍ ምላስ ሥር ወይም ጨጓራ ላይ ይያዛል፤ ሌላው በአንጀት ይወርዳል። አንጀቱ ወደፊት ሊገፋው ሲታገል፣ ገመዱ ሲሳብ እንደሚኮማተር የሱሪ ወገብ ራሱ ላይ ይሰበሰባል። ክሩ ደግሞ በየእጥፋቱ እየከረከረ ይቆርጠዋል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ሊበሳው ይችላል።

ለዚህ ነው ከአፉ ወይም ከቂጡ ተንጠልጥሎ የሚታይ ክር ፈጽሞ የማይጎተተው። መጎተት መጋዝ መሳብ ነው። ከቂጡ የረዘመውን በመቀስ ያሳጥሩ፤ የቀረውን ለሐኪም ይተዉ። ክሩ ላይ መርፌ ካለበትም ደንቡ ያው ነው።

የበቆሎ ቆረቆንዳ በዚህ አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሸት ሲደርስ በየደጃፉ ይጣላል። ጨው ወይም ቅቤ የነካው ከሆነ ውሻ በቁራጭ በቁራጭ ይውጠዋል። ሆድ ውስጥ አይፈጭም። መጠኑም ለቀጭኑ አንጀት ልክ መወተፊያ ነው። ጨጓራ ውስጥ ብዙ ቀን ቆይቶ፣ ባለቤቱ ከረሳው በኋላ፣ ተንቀሳቅሶ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከሳምንት በፊትም ቢሆን ቆረቆንዳ ሲበላ ታይቶ ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩ። የማንጎ ፍሬም እንዲሁ ነው።

አጥንት ጨጓራ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ በአሲዱ ይለሰልሳል። ችግሩ ከዚያ በፊት ምግብ ቧንቧ ላይ ሲሰነቀር ነው። የተቀቀለ አጥንት ስለት ሆኖ ይሰነጠቃል፤ በተለይ የዶሮ። በአረፋ ሰሞን፣ እርዱ በየግቢው በሚሆንበት ጊዜ፣ አጥንቱንም ውሻው የማይደርስበት ቦታ መቅበር ጥሩ ነው። እግረ መንገዴን፦ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይጣል። ውሻው ከዚያ የሚያገኘው ትል መልሶ ሰውን ያሳምማል።

ካልሲ፣ ዳይፐርና ስፖንጅ ፈሳሽ እየጠጡ ሆድ ውስጥ ያብጣሉ። ሲገቡ ትንሽ ስለነበሩ አይታለሉ።

የአይጥ መርዝ ዕቃ ብቻ ሳይሆን መርዝ ነው፤ ከማሸጊያው ጋር ወደ ሐኪም ይሂዱ። ዚንክ ፎስፋይድ ያለበት ከሆነ ጨጓራ ውስጥ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ውሻው ካስመለሰ ሜዳ ላይ ይሁን፤ ሰው አጠገቡ ጎንበስ ብሎ አይተንፍስ።

እቤት ላስመልሰው? ዘይት ላጠጣው?

አያድርጉ። ጨው በውኃ በጥብጦ ማጠጣት የተለመደ ምክር ነው፤ ነገር ግን ጨው በራሱ ውሻን ይመርዛል፤ አንጎሉ ላይ ጉዳት አድርሶ ሊገድለው ይችላል። ዘይት፣ የተልባ ውኃና ወተት በግድ ሲጋቱ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባሉ። ያኔ ከዋጠው ዕቃ በላይ የሳንባ ምች ይጥለዋል። ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተትም ውሻን አያስመልስም፤ ጣት ያስነክሳል እንጂ።

ሐኪም ዘንድ ማስመለሻ መርፌ አለ። ይህ የሚጠቅመው ዕቃው ከተዋጠ 2 ሰዓት ገደማ ሳያልፍ፣ ውሻውም ነቅቶ እያለ ነው። ስለት ያለው ነገር፣ ባትሪ፣ በረኪና ወይም ላምባ ከሆነ ማስመለስ አይገባም፤ ሲወርድ ያቆሰለውን ሲወጣ ይደግመዋል። አንዳንድ ሐኪም ከሩቅ ሆነው ሲደውሉለት ከፋርማሲ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ማለትም ቁስል ማጠቢያ ፈሳሽ፣ እንዲገዙ ሊነግርዎ ይችላል። ያኔም 3 በመቶ የሆነውን ብቻ፣ በውሻው ክብደት እሱ በሚነግርዎ ልክ ነው። ከዚያ የበረታው ጨጓራውን ያቃጥላል።

የሰው መድኃኒትም አይስጡት። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ለውሻ አደገኛ ናቸው። የሰው ማስቀመጫ መድኃኒትም የተዘጋ አንጀትን ያስበሳል።

መጠበቅ የሚቻለው መቼ ነው?

ዕቃው ትንሽና ለስላሳ ከሆነ፣ ስለትም ክርም ባትሪም ካልሆነ፣ ውሻውም እየበላ እየተጫወተ ከሆነ፣ ሐኪሙን አማክረው እቤት ሊጠብቁ ይችላሉ። ምግቡን ትንሽ ትንሽ፣ ለስላሳ አድርገው ይስጡት፤ ፍርፍር ወይም ሩዝ ይሆናል። ቅመምና ሽንኩርት ይቅር። ውኃ አይከልክሉት። እንዳይለቀቅ ይሰሩት፤ ከተለቀቀ ዓይነ ምድሩን ማየት አይችሉም።

ዓይነ ምድሩን ለ3 ቀን በእንጨት እየገለጡ ይዩ። እጅዎ ላይ ፌስታል ወይም ጓንት ያድርጉ፤ ልጆች አይጠጉ። ዕቃው በሙሉ ከወጣ ነገሩ አበቃ። ግማሹ ብቻ ከወጣ አላበቃም።

በነዚህ ቀናት ድዱን ጠዋትና ማታ ይመልከቱ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። በጣት ተጭነው ሲለቁት ይነጣል፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ከዘገየ ወይም ድዱ የገረጣ ከሆነ ሰውነቱ እየደከመ ነው። ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ ውኃ አልቆበታል።

ከ2 ጊዜ በላይ ካስመለሰ፣ የጠጣውን ውኃ እንኳ ካልያዘ፣ ምግብ ካቆመ፣ ካማጠ ወይም ቀኑን ሙሉ ካልተጸዳዳ፣ ሆዱ ሲነካ ካቃሰተ መጠበቁ አብቅቷል። ሌላም የሚታወቅ አኳኋን አለ፦ የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ኋላውን ከፍ አድርጎ ይቆያል። ሆዱን ሲያመው የሚያደርገው ነው። ማታም ቢሆን ይደውሉ፤ ሲነጋ ይሂዱ።

ወዴት ልውሰደው?

መጀመሪያ ወደ ቅርብዎ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይደውሉ። በአካባቢው ያሉት ክሊኒኮች ሥራቸው በብዛት ከብት፣ ፍየል፣ ግመልና አህያ ነው። ይህ ማለት ውሻ አያዩም ማለት አይደለም። ማስመለሻ፣ ጉሉኮስና ፀረ ባክቴሪያ መስጠት፣ ሆዱን ዳስሶ መገመት የሚችል ባለሙያ አለ። ራጅና የውሻ ቀዶ ጥገና ግን በየክሊኒኩ አይገኝም። ስለዚህ ሲደውሉ ቀጥታ ይጠይቁ፦ ራጅ አለ? ውሻ በማደንዘዣ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም ዛሬ አለ? ከሌለ የት ይልኩኛል?

ከከሚሴ ኮምቦልቻ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴ ከዚያ ትንሽ ይርቃል። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ሐኪምዎ በዚያ የሚያውቀው ባለሙያ ካለ አስቀድሞ ይደውልልዎ። የኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሥራው የበሽታ ናሙና መመርመር ስለሆነ፣ ታማሚ ውሻ ይዘው ወደዚያ አይንከራተቱ። ከሁሉም የተሟላው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያለበት ቢሾፍቱ ነው። ግን ከአዲስ አበባም ያልፋል። ለተዘጋ አንጀት ሩቅ መንገድ ነው፤ ከመነሳትዎ በፊት ውሻው ጉሉኮስ ያግኝ።

በመንገድ ላይ ምግብ አይስጡት፤ ማደንዘዣ በባዶ ሆድ ነው የሚሻለው። የሚያስመልስ ወይም በግድ የሚተነፍስ ውሻ አፉ አይታሰር፤ ትውከቱ ያንቀዋል። ከተቻለ የዋጠውን ዕቃ አምሳያ ይያዙ፤ የካልሲውን ጥንድ፣ የባትሪውን ማሸጊያ፣ የቀረውን ክር። ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

ይዳስሳል፤ አፉን ከፍቶ ምላሱን አንስቶ ያያል፤ ሙቀቱን ይለካል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በሰው ልክ አይደንግጡ። ራጅ ብረትና አጥንትን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ፌስታል፣ ጨርቅና ቆረቆንዳ ግን ራሳቸው በደንብ አይታዩም፤ ሐኪሙ የሚያየው ከኋላቸው የተነፋውን አንጀት ነው። «ራጁ ምንም አላሳየም» ማለት «ምንም የለም» ማለት እንዳልሆነ ይወቁ። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ኢንዶስኮፕ የሚባለው፣ ሳይቀድ ከጨጓራ ሊያወጣ ይችላል። በአገራችን ግን ለእንስሳት እንደልብ የሚገኝ አይደለም።

ቀዶ ጥገና ከሆነ ውሻው ሙሉ በሙሉ ይደነዝዛል። ሐኪሙ ሆዱን ከፍቶ አንጀቱን ቀድዶ ዕቃውን ያወጣና ይሰፋዋል። አንጀቱ ከጠቆረ የሞተውን ክፍል ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች ይገጥማል፤ ይህኛው ሥራው ረጅም ነው፤ አደጋውም ይበዛል። ከዚያ በኋላ ያሉት ከ3 እስከ 5 ቀናት ዋነኞቹ ናቸው፤ ስፌቱ ካፈሰሰ የሚያፈስሰው ያኔ ነው። የቆዳው ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይነሳል።

ወጪውስ?

ትንሹ ወጪ ምርመራና ማስመለሻ መርፌ ነው። ቀጥሎ ጉሉኮስና ክትትል ይመጣል። ከዚያ ራጅ። ትልቁ ቀዶ ጥገናው ነው። በዚያ ላይ የማደንዘዣ፣ የስፌት ክር፣ የፀረ ባክቴሪያ፣ የሕመም ማስታገሻና ውሻው ክሊኒክ ካደረ የአዳር ሒሳብ አለ። ማደንዘዣና መድኃኒት በኪሎ ስለሚለካ ትልቅ ውሻ የበለጠ ያስከፍላል። አንጀት ተቆርጦ ከተገጠመ ሒሳቡ ይጨምራል። የመንግሥት ክሊኒክ የአገልግሎት ክፍያው ዝቅ ያለ ነው፤ መድኃኒቱን ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ ይገዛሉ።

ከከሚሴ ለሚነሳ ሰው መጓጓዣው ራሱ ትልቅ ወጪ ነው። ሚኒባስ ታማሚ ውሻ ለመጫን ስለሚያቅማማ ኮንትራት መያዝ ሊኖርብዎ ይችላል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት በስልክ አጠቃላይ ግምቱን ይጠይቁ፦ ምርመራው ስንት ነው፣ ራጁ ስንት፣ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ ከስንት እስከ ስንት፣ ቅድሚያ ክፍያ አለ ወይ? ዋጋ መጠየቅ ነውር የለውም። ሐኪሙም የኪስዎን አቅም ሲያውቅ የሚቻለውን መንገድ ይነግርዎታል።

ቀዶ ጥገናውን መክፈል የማይቻል ከሆነ ይህንንም በግልጽ ይናገሩ። ተዘግቶበት ቀናት የሚያቃስት ውሻ ዱር መጣል ትክክል አይደለም። ሐኪም ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው መጠየቅ ይቻላል። ለተጠማ ውሻ በጫማው ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው ታሪክ የወሎ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገበት ነው፤ ለእንስሳ መራራት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም።

ላሜ ወይም ፍየሌ ፌስታል ብትውጥስ?

ይህ ጥያቄ ከውሻው ይልቅ ብዙ ቤት ያንኳኳል። እሑድ የሰንበቴ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ሲበተን ሜዳው ላይ የሚቀረውን ፌስታል ከብትና ፍየል ያነሱታል። በአገራችን ቄራዎች በተደረጉ ጥናቶች ከከብት ሆድ ከሚወጡ ባዕድ ነገሮች ፕላስቲክ ቀዳሚ ሆኖ ተገኝቷል።

የላም ሆድ ከውሻው ይለያል። ፌስታሉ ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ይቀራል፤ አይወጣም፤ እየተጠላለፈ ያድጋል። ላሟ ቀስ በቀስ ትከሳለች፤ ማመንዠክ ትቀንሳለች፤ ወተቷ ይጎድላል፤ ግራ ጎኗ ይነፋል። ምስማርና ሽቦ ከሆነ ደግሞ ከልብ አጠገብ ያለው ትንሹ ከረጢት ውስጥ ይወርድና ልቧን ሊወጋ ይችላል። ያች ላም ቁልቁለት መውረድ ትፈራለች፤ ክርኗን ወደ ውጭ ከፍታ ትቆማለች።

የሚያስመልስ መድኃኒት ለላም የለም። ሐኪም ግን ቦታውን አደንዝዞ፣ ላሟ ቆማ እያለ በግራ ጎኗ ከፍቶ በእጁ ሊያወጣው ይችላል። ይህን የሚያዋጣው የላሟ ዋጋ ነው፤ ለምትታለብ ላም ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ከከሳች በኋላ ግን አያዋጣም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እስኪጠፉ ድረስ ግን የጣልነውን መልቀም የእኛው ሥራ ነው።

ለውሻው ደግሞ ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ፣ ከፍ ብሎ የሚሰቀል የስፌት ሣጥንና ጠገብ የሚያደርግ ራት ከሁሉም ሕክምና ይረክሳሉ። የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ ያስከትቡት፤ ያኔ ሲታነቅ ሊረዱት ሲጠጉ ያን ያህል አይፈሩም። የቅርብዎን የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥር ደግሞ ዛሬውኑ ይጠይቁና ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ይጻፉት።